ዝግታ የወለደው መርዝ

እንግዲህ ስሙኝማ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንበሳ አይደለም፤ ስለ እባብም አይደለም። እግር ስለሌላት፣ ጥፍር ስለሌላት፣ ስትሄድ ድምፅ ስለማታሰማ አንዲት አዳኝ ነው። ሰው ገድላለች፤ ሰውም አድናለች። በትረካው ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸውና ይህችን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ዘመኑ 1935 ነው። ቦታው በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ አጠገብ ያለች ሄይማን የምትባል ደሴት ናት። አንድ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ለሽርሽር ወደዚያ መጥቷል። ጤናው የተሟላ፣ ጉልበቱ ያልተነካ ሰው ነው። ከኮራሉ ዐለት ላይ አንድ የሚያምር ዛጎል አየና አነሣ። በአንድ እጁ መዳፍ ላይ አስቀምጦ፣ በሌላው እጁ በያዘው ቢላዋ የላዩን ስስ ቅርፊት ይፍቅ ጀመር።

ያን ጊዜ መዳፉን አንድ ነገር ወጋው።

አላመመውም። ቦታው ደንዘዝ አለ እንጂ ሕመም አልነበረም። ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ ከንፈሩ ከበደው። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ዓይኑ ብዥ አለበት፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያይ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሲሆን እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። አንድ ሰዓት ሲሞላ ራሱን ሳተ። ከተወጋ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ሞት ያለ አንዳች ጩኸት ገብቶ ያለ አንዳች ጩኸት ወሰደው።

ይህን ታሪክ ደቂቃ በደቂቃ መዝግቦ ያቆየልን በኬርንስ ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሁጎ ፍሌከር ነው። በ1936 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። ገዳዩም ታወቀ፤ ዛጎሉ ውስጥ የምትኖረው ቀንድ አውጣ ናት። በዛጎሏ ላይ ያለው ቡናማና ነጭ ሥዕል ካርታ የመሰላቸው ሊቃውንት ኮነስ ጂኦግራፈስ ብለው የሰየሟት ሾጣጣ የባሕር ቀንድ አውጣ!

ቀንድ አውጣ ሰው ትገድላለች ቢሏችሁ ማን ያምናል? ዝናብ ሲያባራ በጎመኑ ቅጠል ላይ የምናያት፣ ሲነኳት ቀንዷን ሰብስባ ቤቷ የምትገባዋ ናት እኮ በዓይናችን የምትመጣው። ነገር ግን የባሕር ዳር ሰዎች ይህን ያወቁት ከዚያ እጅግ ቀድመው ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ ወደ 1600ዎቹ፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ወደምንላቸው የቅመም ደሴቶች። በአምቦን ደሴት ጌኦርግ ኤቤርሃርድ ሩምፊየስ የሚባል ጀርመን ተወላጅ ይኖር ነበር። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን በዕፅዋቱና በባሕሩ ፍጥረታት ላይ ነበር። የዚህ ሰው መከራ ብዙ ነው። በ1670 ዓይኑ ጠፋ። በ1674 የመሬት መንቀጥቀጥ ሚስቱንና ሴት ልጁን ገደለበት። በ1687 እሳት ተነሥቶ የደከመባቸውን ሥዕሎች በላበት። ሰውዬው ግን ሥራውን አልተወም። የሚያዩለትን ዓይኖች፣ የሚጽፉለትን እጆች ይዞ ቀጠለ። ስለ አምቦን ብርቅ ነገሮች ያዘጋጀው መጽሐፍ የታተመው በ1705 ነው፤ እሱ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንዲት ሴት ተጽፏል። በባንዳ ደሴቶች በባርነት የምትኖር ሴት ናት። ሰዎች የዓሣ መረብ ሲጎትቱ አንዲት ትንሽ ዛጎል ከባሕሩ አነሣችና በእጇ ይዛ ወደ ዳር ስትራመድ መዳፏን አሳከካት። ማሳከኩ ቀስ እያለ ወደ ክንዷ ወጣ፤ ከክንዷም ወደ መላ አካሏ ተሠራጨ። በዚያው ሞተች። የሞተችበትን ዛጎል ሩምፊየስ መዝግቦታል፤ የእሷን ስም ግን ማንም አልጻፈውም። ስለዚህች ፍጥረት ለሳይንስ የመጀመሪያውን ምስክርነት በሕይወቷ የከፈለችው ያቺ ሴት ናትና እኔ ሳላነሣት አላልፍም።

ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ባሕሮች ከሠላሳ በላይ ሰዎች በዚህ ዓይነት ቀንድ አውጣ ተወግተው እንደሞቱ ተመዝግቧል። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ገዳያቸው ያችው ካርታ ለባሿ ናት። እስከ ዛሬም ለመርዟ ማርከሻ አልተገኘም። የሐኪም ድርሻ የተወጋው ሰው ትንፋሹ ሲቆም በመሣሪያ እያስተነፈሱ መርዙ ከአካሉ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ሳንባው ሥራውን ካላቋረጠ፣ ሰውየው ይድናል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ እንዲህ ዝግ ያለች ፍጥረት እንዲህ ያለ መርዝ ለምን አስፈለጋት?

መልሱን ለማግኘት በሌሊት ወደ ኮራሉ መውረድ ያስፈልጋል። ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ትውላለች። ሲመሽ ትወጣለች። ከዛጎሏ ጫፍ አንድ ቱቦ ዘርግታ ውኃውን ወደ ውስጥ እየሳበች ታሸታለች፤ ዓሣ መኖሩን የሚነግራት ይህ ሽታ ነው። ከዚያ ሌላ ረጅም ኩምቢ ቀስ አድርጋ ታወጣለች። በኩምቢው ጫፍ ላይ አንዲት ጥርስ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች።

ይህች ጥርስ የታሪኩ እምብርት ናትና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሌሎች ብዙ ቀንድ አውጣዎች በምላሳቸው ላይ በተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች አልጌና ቅጠል እየፋቁ ይበላሉ። የዚህች ወገን ግን በረጅም የትውልድ ጉዞ ጥርሱ ተለወጠ፤ ተጠቀለለ፣ ረዘመ፣ ውስጡ ክፍት ሆነ፣ ጫፉ ሾለ፣ ጎኑም የተወጋ ሥጋ እንዳያመልጠው መንጠቆ አበጀ። ጦር ሆነ ማለት ነው። በሰውነቷ ውስጥ መርዝ የሚሠራ ረጅም ጥምዝምዝ ቱቦ አላት፤ በስተኋላውም መርዙን ገፍቶ የሚልክ ጡንቻማ ከረጢት አለ። ጦሩ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ለሚቀጥለው አደን ሌላ ተዘጋጅቶ ከጎተራው ይጠብቃል።

ዓሣው ሲጠጋ የኩምቢው ጫፍ ይነካዋል። ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ጦሩ ይገባል፤ መርዙም ይፈስሳል። ዓሣው በዚያው ቅጽበት ክንፉን ዘርግቶ ድርቅ ይላል። ቀንድ አውጣዋ በጦሩ እንደያዘችው ወደ አፏ ትስበዋለች፤ አፏ ይሰፋል፣ ዓሣው ይገባል። ከሰዓታት በኋላ አጥንቱን፣ ቅርፊቱንና ያገለገለውን ጦር መልሳ ትተፋለች።

ሾጣጣ ቀንድ አውጣ ዓሣ ስትይዝ በዓይኑ አይቶ፣ በጥንቃቄ መዝግቦ ለሳይንስ ዓለም ያስረዳው አለን ኮን ነው። ጥናቱን ያካሄደው በሃዋይ ሲሆን፣ በ1956 ታተመ። እግር የሌላት፣ መዋኘት የማትችል ፍጥረት የባሕሩን ፈጣን ዋናተኛ ቀጥፋ እንደምትበላ ያን ጊዜ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ነው ምስጢሩ። አስቡት። እባብ ነድፎ ሊለቅ ይችላል፤ የተነደፈችው አይጥ ሮጣ ብትወድቅ ሽታዋን ተከትሎ ይደርስባታል። አቦሸማኔ ቢስት ዳግም ይሮጣል። ቀንድ አውጣዋ ግን ማሳደድ አትችልም። ዓሣው ተወግቶ አንድ ክንድ እንኳ ከራቃት ሌላው ይበላዋል፤ ለእሷ የጠፋ ምግብ ነው። ስለዚህ መርዟ ሊያዘገይ አይችልም። አሁኑኑ፣ በዚያችው ቅጽበት ማቆም አለበት። ያን ዓይነት ፍጥነት ደግሞ በብዛት አይገኝም፤ የሚገኘው ዒላማን በትክክል በመምታት ነው።

ነርቭና ጡንቻ መልእክት የሚለዋወጡት በሕዋሶቻቸው ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች በኩል ነው። የሶዲየም በር አለ፤ የፖታሲየም በር አለ፤ የካልሲየም በር አለ። አንዲት ሾጣጣ ቀንድ አውጣ በመርዟ ውስጥ ከመቶ በላይ የሆኑ ልዩ ልዩ ቅመሞችን ትይዛለች፤ እያንዳንዱም ለአንድ በር ብቻ የተሠራ ቁልፍ ነው። አብዛኞቹ ከዐሥር እስከ ሠላሳ በሚደርሱ አሚኖ አሲዶች የተገነቡ ትንንሽ ፕሮቲኖች፣ ፔፕታይድ የሚባሉት ናቸው። ዓሣ አዳኝ በሆኑት ዘንድ ገሚሶቹ የሶዲየሙን በር ክፍት አድርገው ያቆዩታል፤ ሌሎቹ የፖታሲየሙን ይዘጋሉ። ነርቩ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ዓሣው ይደርቃል። ሌሎቹ ደግሞ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ይቆርጣሉ፤ ዓሣው ይዝላል። ሁለቱ ተባብረው ሥራውን ይጨርሳሉ።

ካርታ ለባሿ ደግሞ ሌላም ስልት አላት። በሌሊት ዓሦች በዐለቱ ስንጥቅ ተጠግተው ሲያርፉ ቀርባ አፏን እንደ መረብ ትዘረጋለች። ዓሦቹ ይደነዝዛሉ፤ ሳይሸሹ ይዋጣሉ። ከተዋጡ በኋላ ነው የምትወጋቸው። የሚያደነዝዛቸው ምን እንደሆነ ከታወቀ ብዙ ጊዜ አልሆነም። በ1905 ወይም በ1955 አይደለም፤ በ2015 ነው። ሄለና ሳፋቪ ሄማሚና ባልደረቦቿ በመርዟ ውስጥ ኢንሱሊን አገኙ። አዎን፣ የስኳር ሕሙማን የሚወጉት ኢንሱሊን! ቀንድ አውጣዋ የራሷ ብቻ ሳይሆን የዓሣ ኢንሱሊን መስሎ የተሠራ ሌላም አላት። ይህ ወደ ዓሦቹ ሲደርስ በደማቸው ያለው ስኳር በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ አቅም ያጣሉ። እነሆ ራብን መሣሪያ ያደረገች አዳኝ።

ታዲያ ሰውን ለምን ወጋች? ሰው ምግቧ አይደለም። በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህች ቀንድ አውጣ ለአደን የምትልከውና ራሷን ለመከላከል የምትልከው መርዝ የተለያየ ነው፤ የሚመነጩትም ከተለያየው የመርዝ ቱቦዋ ክፍል ነው። ሽባ የሚያደርጉት ኃይለኞቹ የሚበዙት በመከላከያው ውስጥ ነው። የሄይማኑ ወጣት ቤቷን በቢላዋ ሲፍቅባት የተነሣው ያ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የገዳይዋን ታሪክ ነገርኳችሁ። አሁን ወደ መድኃኒቱ እንሻገር።

በ1941 ማኒላ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ባልዶሜሮ ኦሊቬራ የሚባል ልጅ ተወለደ። በልጅነቱ ከባሕር ዳር ዛጎል እየለቀመ ያጠራቅም ነበር። አደገ፣ ኬሚስትሪ ተማረ፣ አሜሪካ ሄዶ ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ስታንፎርድ ውስጥ የተቆረጠ ዲኤንኤን መልሶ የሚያያይዘውን ሊጌዝ የተባለ ኢንዛይም ካገኙት ሰዎች አንዱ ሆነ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሲመለስ ግን ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር። የለመደውን ሥራ የሚቀጥልበት መሣሪያ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ተመልሶ ይሄዳል፤ ወይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ኦሊቬራ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ብዙ መሣሪያ የማይፈልግ፣ ግን ከማንም በተሻለ እኛ ልናገኘው የምንችለው ምን አለ? መልሱ ከልጅነቱ መጣ። ዛጎሎቹ! በፊሊፒንስ ባሕር ሾጣጣ ቀንድ አውጣ ሞልቷል፤ ዓሣ አጥማጁ ያመጣዋል። ሰው እንደሚገድልም ይታወቃል። ኦሊቬራና ባልደረባው ሉርደስ ክሩዝ ከካርታ ለባሿ ጀመሩ።

መመርመሪያቸው ምን ነበር መሰላችሁ? የሽቦ ወንፊትና ሰዓት። መርዝ የተወጋችውን አይጥ ከወንፊቱ ላይ ገልብጠው ያንጠለጥሏታል፤ ይዛ እስክትወድቅ ያለውን ጊዜ ይቆጥራሉ። ጡንቻዋን የሚያዝለው የመርዙ ክፍል የትኛው እንደሆነ በዚህ ለዩት። ከመርዙ ውስጥ አንዱን ፔፕታይድ ከሌላው እየለዩ፣ አንድ በአንድ እያጠሩ ሄዱ። ውድ መሣሪያ በሌለበት ጊዜ ጥሩ ጥያቄና ትዕግሥት ሥራውን ሠሩት።

ኋላ ኦሊቬራ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሶልት ሌክ ሲቲ በተራራ የተከበበች፣ ከውቅያኖስ የራቀች ከተማ ናት። የባሕር መርዝ ታላቅ ጥናት የተስፋፋው እዚያ ነው። የተስፋፋውም በወጣቶች እጅ ነው።

ክሬግ ክላርክ የሚባል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አንድ ሐሳብ አመጣ። እስከዚያ ድረስ መርዙ የሚወጋው በአይጧ ሆድ ነበር። ክላርክ እያንዳንዱን የተለየ ፔፕታይድ በቀጥታ ወደ አንጎሏ ብናስገባውስ አለ። ፈቀዱለት፤ ሞከረው። ውጤቱ ሁሉንም አስደነቀ። አንዱ ፔፕታይድ አይጧን ያስተኛታል። ሌላው በክብ ያስሮጣታል። ሌላው ሰውነቷን ያስቧጭራታል። ሌላው ራሷን ያወዛውዛታል። አንደኛው ደግሞ ከሁሉም ይገርማል፤ ከሁለት ሳምንት በታች የሆነችውን ግልገል ያስተኛታል፤ ያደገችውን ያቅበጠብጣታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሾጣጣዋ መርዝ አንድ መርዝ መሆኑ ቀረ። እያንዳንዱ ቅመም ለአንድ የነርቭ በር የተሠራ መሆኑ ተገለጠ።

ሌላው ወጣት ማይክል ማኪንቶሽ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፤ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት። የሚሠራው ኮነስ ማገስ በምትባል፣ ከካርታ ለባሿ በምታንስ ሌላ ዓሣ አዳኝ ቀንድ አውጣ መርዝ ላይ ነበር። ከመርዙ ውስጥ አይጦችን የሚያንቀጠቅጥ አንድ ፔፕታይድ ለይቶ አጠራ። ሃያ አምስት አሚኖ አሲዶች፣ በሦስት የድኝ ማሰሪያዎች የተቋጠሩ፤ ይኸው ነው። ልጁ ያን ጊዜ በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። ኋላ ሐኪም ሆነ፤ የአእምሮ ሕክምናም ተማረ፤ ምርምሩንም እስከ ዛሬ አልተወም።

የፔፕታይዱ ምስጢር ቀስ በቀስ ተፈታ። የሚዘጋው ኤን የሚል ስያሜ የተሰጠውን የካልሲየም በር ነው። ዓሣው ላይ ይህ በር ሲዘጋ ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ያቅተዋል። በሰውና በሌሎች አጥቢዎች ግን ጡንቻ የሚታዘዘው በሌላ የካልሲየም በር ነው። በኤን በር የሚያልፈው ሌላ መልእክት ነው፤ የሕመም መልእክት። እግራችን ሲቃጠል ወይም ዕጢ አጥንት ሲበላ ነርቩ ጩኸቱን ይዞ እስከ ኅብለ ሰረሰር ይመጣል። እዚያ ለሚቀጥለው ነርቭ የሚያስረክበው ካልሲየም በዚህ በር ሲገባ ነው። በሩ ከተዘጋ ጩኸቱ እዚያው ይቀራል፤ አንጎል አይሰማውም። ለዓሣ ሞት የሆነው ቁልፍ ለሰው ዕረፍት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወደ ሐኪም ቤት ለመድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። በካሊፎርኒያ የነበረው ኒውሬክስ የተባለው ኩባንያ በጆርጅ ሚልያኒች ትጋት ሥራውን ያዘ፤ ኤላን የተባለው ኩባንያ ከፍጻሜ አደረሰው። በዲሴምበር 2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ዚኮኖታይድ ይባላል፤ በገበያ ስሙ ፕሪያልት ነው። ቀንድ አውጣ አይታረድለትም፤ በፋብሪካ ይሠራል። ነገር ግን ከአሚኖ አሲዶቹ አንዲቷም አልተቀየረችም። ያቺ ትንሽ አዳኝ ያሰናዳችው ቅመም እንዳለ፣ ሰው ሳያሻሽለው መድኃኒት ሆነ።

እውነቱን መናገር ይገባኛልና መድኃኒቱ ለራስ ምታት የሚዋጥ ክኒን አይደለም። በአፍ ቢወሰድ አይሠራም፤ በደም ሥር ቢሰጥም ወደሚፈለግበት ቦታ አይደርስም። ከሆድ ቆዳ ሥር ትንሽ ፓምፕ ይቀበራል፤ ቀጭን ቱቦ ከፓምፑ ተነሥቶ ኅብለ ሰረሰርን ወደከበበው ፈሳሽ ይገባል። በቀን የሚሰጠው መጠን ከ19.2 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ተወስኗል፤ አንድ ግራም አንድ ሚሊዮን ማይክሮግራም መሆኑን አስቡ። መጠኑ ጥቂት ካለፈ ሕሙሙ ግራ ይጋባል፤ የሌለ ነገር ያያል። ስለዚህ የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልሠራላቸው፣ በካንሰርና በመሳሰለው ከባድ ሕመም ለሚሠቃዩ ነው። ግን አንድ ታላቅ ነገር አለው። ሞርፊን እየተለመደ ሲሄድ መጠኑ መጨመር አለበት፤ ሱስም ያስከትላል። ይህኛው ሱስ አያስይዝም፤ አካልም አይለምደውም። ሞርፊን ለከዳው ሰው ሌላ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ኢንሱሊኑም ጉዞ ጀምሯል። የሰው ኢንሱሊን ሲከማች ስድስት ስድስት ሆኖ ይያያዛል፤ ከተወጋ በኋላ ለመሥራት መጀመሪያ መላቀቅ አለበት። የቀንድ አውጣዋ ግን የሚያያይዘው ክፍል የለውም፤ ወዲያው ይሠራል። ቅርጹ በ2016 ታውቋል፤ ተመራማሪዎችም እሱን እያጠኑ ፈጥኖ የሚሠራ የሰው ኢንሱሊን ለማሰናዳት እየደከሙ ነው። ፍጥነት የተማርነው ከቀንድ አውጣ ነው!

ይህ ሁሉ ሩቅ አገር ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ካርታ ለባሿ በቀይ ባሕርም ትኖራለች። እንግዲህ በጂዳ፣ በኤላት፣ በቀይ ባሕር ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ባሕር ስትወርዱ ይህን አደራ ያዙልኝ። ሾጣጣ ዛጎል ውኃ ውስጥ ብታዩ በእጅ አታንሡ፤ ኪሳችሁም አትክተቱ። ኩምቢዋ ወደ ኋላም ይታጠፋልና በሰፊው ጫፍ ብይዛት አትደርስብኝም አትበሉ። ከተወጋችሁ ባያምም ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የሄይማኑም ወጣት አላመመውም ነበር።

እኛ ከእሷ እንደምንጠነቀቀው እሷም ከእኛ የምትጠነቀቅበት ጊዜ መጥቷል። በዓለም ላይ ሺህ የሚደርሱ የሾጣጣ ቀንድ አውጣ ዝርያዎች አሉ። በ2013 የታተመ ጥናት 632ቱን መርምሮ 67ቱ ለመጥፋት የተጋለጡ ወይም ወደዚያ የተቃረቡ መሆናቸውን አስታውቋል። መኖሪያቸው ይፈርሳል፤ ውኃው ይበከላል፤ ለዛጎላቸው ውበት ሲሉ ሰብሳቢዎች ይለቅሟቸዋል። ሺህ ዝርያ፣ እያንዳንዱ ከመቶ በላይ ቅመም ይዞ! ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው በቅጡ ጠይቆ የተረዳው ጥቂቱን ነው። አንዲት ዝርያ ስትጠፋ ማንም ያልጠየቃት መልስ ይዛ ትሄዳለች። ይህ ልቤን ያሳዝነዋል፤ የእናንተንም ሊያሳዝነው ይገባል።

ወዳጆቼ፣ እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ቀንድ አውጣዋ ሮጣ መያዝ ስላልቻለች በትክክል መምታትን ተማረች። ኦሊቬራ መሣሪያ ስላልነበረው ከደጁ ያለውን ጠየቀ። ተማሪዎቹ የትኛው ሐሳብ የማይሞከር እንደሆነ ገና ስላልተነገራቸው ሞከሩት። ጉድለት በራሱ ጥበብ አይወልድም፤ ብዙ ጊዜ የሚወልደው ተስፋ መቁረጥ ነው። በጉድለቱ ውስጥ ቆሞ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ ግን ይወልዳል።

ይህን ለመረዳት ፊሊፒንስ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። በ1964 በአድዋ፣ ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ወንዝ ወረደ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። እነዚያ የውኃ ቀንድ አውጣዎች የበሽታው ተሸካሚዎች ናቸው። እንዶዱን ስንት ሰው አይቶት አልፏል? እናቶቻችን ስንት ዘመን ልብስ አጥበውበታል? እሱ ግን ቆመ፤ ጠየቀ። ከዚያች ጥያቄ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ምርምር ወጣ፤ በ1989ም ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸለሙበት።

ዛሬም በየዩኒቨርሲቲዎቻችን መሣሪያ የጎደላቸው ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ ጥያቄ የሞላቸው ተማሪዎችም አሉ። በየጓሮው፣ በየገደሉና በየሐይቁ ማንም በቅጡ ያልጠየቃቸው ዕፅዋትና እንስሳት ሞልተዋል። መምህራን ሆይ፣ ትረካዬን የምቋጨው በእናንተ ላይ አደራ ጥዬ ነው። አንድ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያልታሰበ ሐሳብ ይዞ በራችሁን ሲያንኳኳ፣ መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትመልሱት። በእጃችን ባለው እንጀምር በሉት፤ አብራችሁትም ተቀመጡ።